ሳተላይታችን በማን ቋንቋ ትታዘዝ?

በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ በየጣሪያው የተተከሉትን ዲሾች ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየታቸውን ያስተውላል። ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብለው ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተዋል። የሚጠብቁት ከምድር ወገብ አናት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ኤንኤስኤስ 12 የተባለችውን ሳተላይት ነው። «ኢትዮሳት» በሚለው ስም የለመድናቸው የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚደርሱን በእርሷ በኩል ነው። ባለቤቷ መቀመጫውን ሉክሰምበርግ ያደረገው ኤስ ኢ ኤስ የተሰኘ ኩባንያ ነው።

ዲሹን የተከለው ባለሙያ አንድ ጊዜ አስተካክሎ ሄዷል። ሳተላይቷ ግን እንዲሁ ከቦታዋ አትቆይም። የፀሐይና የጨረቃ ስበት ቀስ በቀስ ከስፍራዋ ይገፋታል፤ በዓመት ሁለት ወቅት ደግሞ በየዕለቱ ለጥቂት ጊዜ የምድር ጥላ ውስጥ ገብታ በባትሪ ብቻ ትኖራለች። ወደ ቦታዋ የሚመልሳት፣ ባትሪዋን የሚጠብቅላት፣ አንዱ መሣሪያ ሲደክም ተተኪውን የሚያስነሣላት ከምድር የሚላክላት ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ አለው። እንዲያውም ቋንቋዎቹ በዝተው ሳተላይት አስተዳዳሪዎችን ለዓመታት ሲያደናግሩ ኖረዋል። ጉዳዩ ለሩቅ አገር ኢንጂነሮች ብቻ የሚተው እንዳልሆነ ኢትዮጵያ የራሷን ሳተላይት ካመጠቀች ወዲህ ግልጽ ሆኗል።

ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ከቻይናው ታይዩዋን የማምጠቂያ ማዕከል ተወነጨፈች። በማግስቱ ዓመት፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክብደቷ አሥር ኪሎ ግራም የማይሞላው ኢቲ ስማርት አርኤስኤስ ተከተለቻት። ሁለቱም በቻይና ድጋፍና ትብብር የተሠሩ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያዋ ሥራ ላይ ኢትዮጵያውያን ኢንጂነሮች ተሳትፈዋል። የመቆጣጠሪያና የመረጃ መቀበያ ጣቢያው የተቋቋመው በአዲስ አበባ አናት፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው።

ኢቲአርኤስኤስ 1 እንደ ቴሌቪዥኗ ሳተላይት በአንድ ቦታ የቆመች አልነበረችም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ እንድትዞር ተደርጋ የተሠራች ናት። ፍጥነቷ በሰከንድ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለውን የአየር ርቀት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትጨርሰዋለች ማለት ነው። እንዲህ ያለች ሳተላይት በእንጦጦ አናት ላይ በምታልፍበት ምርጥ አጋጣሚ እንኳ ከጣቢያው ጋር መነጋገር የምትችለው ለአሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በቀን ውስጥ የሚገኘው እንዲህ ያለ ዕድል ጥቂት ነው።

በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ይሠራል። የሳተላይቷ ጤንነት ይጠየቃል፤ ያነሣችው ምስል ይወርዳል፤ ለሚቀጥለው ዙር የትኛውን መሬት እንደምታነሣ ይነገራታል። አንድ ሠራተኛ እያሰበ፣ እየጠየቀ፣ ከመጽሐፍ እያገላበጠ የሚሠራበት ጊዜ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ በዝርዝር ይጻፋል። ባለሙያዎች ይህን ጽሑፍ «ፕሮሲጀር» ይሉታል፤ የአሠራር ቅደም ተከተል ማለት ነው።

ካሜራ የማብራት ፕሮሲጀር በአማርኛ ቢጻፍ ይህን የመሰለ ይሆናል፦ «የባትሪው ኃይል ከተወሰነው ልክ በላይ መሆኑን አረጋግጥ፤ ካልሆነ ሥራውን አቁም። የካሜራውን ማሞቂያ አብራ። ሙቀቱ ከሚፈለገው እስኪደርስ ጠብቅ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልደረሰ ማሞቂያውን አጥፋና ለተረኛው ኃላፊ አስታውቅ። ከዚያ ካሜራውን አብራ። መብራቱን ሳተላይቷ ከምትልከው መረጃ አረጋግጥ።» እናቶቻችን ለእንጀራ ሊጥ የሚከተሉት ሥርዓት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ «እንደ ነገሩ ሁኔታ» የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው።

ቀድሞ ይህ ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ አንዱ ሠራተኛ ያነበዋል፣ ሌላው ትእዛዙን በኮምፒዩተር ይጽፋል፣ ሦስተኛው ይከታተላል። አሁን ግን በአብዛኛው ጽሑፉን ኮምፒዩተር ራሱ አንብቦ ይፈጽመዋል፤ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ ሲያስፈልግም ያስቆማል። አውቶሜሽን የሚሉት ይህን ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚያልፈውን ዙር የሚጠብቅ ሠራተኛ እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል፤ ማሽን አይተኛም። ይሁንና ማሽን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን አይሠራም። ስለዚህ ጽሑፉ ለማሽኑ በሚገባ፣ ለሁለት ትርጉም በማይጋለጥ ቋንቋ መጻፍ ይኖርበታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ናሳ በጠፈር መንኮራኩሮቹ የማስወንጨፊያ ዝግጅት ላይ የሚሠሩ ኢንጂነሮች የፍተሻ ፕሮሲጀሮችን ራሳቸው እንዲጽፉበት «ጎል» የተባለ ቋንቋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በኬኔዲ የስፔስ ማዕከል አዘጋጀ። በጎዳርድ ማዕከል ደግሞ «ስቶል» የተባለው ተስፋፋ። ስቶል ግን አንድ ሆኖ አልቀረም፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክትና እያንዳንዱ ሶፍትዌር አምራች በየፊናው እየጨመረና እየቀነሰ ብዙ ዘዬዎች ፈጠረለት። በአውሮፓም እንዲሁ ነበር፤ ሳተላይቷ በፋብሪካ በምትፈተሽበት ጊዜ በአንድ ቋንቋ የተጻፈው፣ ከተወነጨፈች በኋላ በሚቆጣጠራት ክፍል ውስጥ በሌላ ቋንቋ እንደገና ይጻፋል። አንድ ሥራ፣ ሁለት ጽሑፍ፣ ሁለት የስሕተት ዕድል።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የከተማዋ ታሪክ ራሱ ይነግረዋል። ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳውያን ስለነበሩ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። «ለገሃር» የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ዐረብኛ በሚነገርባት ከተማ፣ የሎኮሞቲቭ ጥገና የሚማር ወጣት አስቀድሞ የመሣሪያዎቹን የፈረንሳይኛ ስም መማር ነበረበት። ሥራው ከቋንቋው ጋር ታስሮ መጣ።

ከዚያም አዲሱ ባቡር መጣ። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራውና በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ ግን በዓለም በስፋት በሚሠራበት ልክ 1 ሺህ 435 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ትውልድ ያከማቸውን ፉርጎ ሁሉ ዳር ለማቆም በቂ ነው። አዲሱን መስመር መጀመሪያ ያስኬዱት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ አስተዳደሩ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ እጅ የገባው በ2016 ዓ.ም. ነው። በሁለቱም ባቡሮች ማሽኑን ከመግዛት ይልቅ ረጅም ጊዜ የጠየቀው ማሽኑ የሚሠራበትን ዕውቀት ወደ ራስ ማዞር ነበር።

ሳተላይት የሚገዛ አገርም ተመሳሳይ ፈተና ይገጥመዋል። አምራቹ ከሳተላይቷ ጋር የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌርና የፕሮሲጀር ስብስብ ያስረክባል። ቀጣዩዋ ሳተላይት ከሌላ አምራች ከተገዛች ሌላ ሶፍትዌር፣ ሌላ የፕሮሲጀር ቋንቋ ይመጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሠራተኞች የአንዱን ሥራ ሌላው ሊተካው የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል። ወይ ሁሉንም ቋንቋ የሚችል ሰው ማሠልጠን፣ ወይ አንዱን ወደ ሌላው መተርጎም ያስፈልጋል።

ትርጉሙ ደግሞ ቃል በቃል የሚሆን አይደለም። «ላክ» የሚለውን ትእዛዝ እንውሰድ። በአንዱ ቋንቋ «ላክና ሳተላይቷ መቀበሏን እስክታረጋግጥ ጠብቅ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሌላው «ላክና ወደሚቀጥለው እለፍ» ማለት ነው። ተርጓሚው ይህን ሳያስተውል ካለፈ፣ ማሞቂያው ሳይበራ ካሜራው ይነሣል። «አሥር ሰከንድ ጠብቅ» ሲባልስ የሚቆጠረው ትእዛዙ ከጣቢያው ከወጣ ጀምሮ ነው ወይስ ሳተላይቷ ከተቀበለችው? ሥራው ካልተሳካ አንዱ ቋንቋ ሁሉንም ነገር ያስቆማል፤ ሌላው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይቀጥላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሲደባለቁ ግን አደጋ ይሆናሉ።

ስለ ሰዓት ደግሞ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለጠዋቱ 12 ሰዓት የተቆረጠ ትኬት ላይ 06:00 ተጽፎ ሲያይ እኩለ ቀን መስሎት ጉዞ ያመለጠው ሰው በየቤቱ አይጠፋም። የሳተላይት ጣቢያዎች የሚጠቀሙት ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት 03:00 ነው። ቀኑም ብዙ ጊዜ በወርና በቀን ሳይሆን ከዓመቱ መጀመሪያ በተቆጠረ ቁጥር ይጻፋል፤ ኢቲአርኤስኤስ 1 የተወነጨፈችበት ዕለት በፈረንጆቹ ዓመት 354ኛው ቀን ነው። የአንድ ሰዓት መሳሳት ለእኛ ቀጠሮ ማርፈድ ነው፤ ለሳተላይት ግን ካሜራዋን ከሐረርጌ ይልቅ በውቅያኖስ ላይ መክፈት ይሆናል።

እንዲህ ያለ ስሕተት ምን እንደሚያስከፍል የታወቁ ምስክሮች አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ሶቪየት ኅብረት ወደ ማርስ አካባቢ የላከቻት ፎቦስ 1 ገና በጉዞ ላይ ሳለች ጠፋች። ምክንያቱ ከምድር በተላከ ረጅም ትእዛዝ ውስጥ አንድ ምልክት መጉደሉ ነበር። ትእዛዙን የሚፈትሸው ኮምፒዩተር በዚያን ጊዜ ተበላሽቶ ስለነበር ሳይፈተሽ ተላከ፤ የተበላሸው ትእዛዝ አቅጣጫዋን የሚጠብቁላትን ሞተሮች አጠፋ፤ ፊቷን ከፀሐይ ያዞረችው መንኮራኩር ኃይሏ አልቆ ዝም አለች። በ1999 ደግሞ የአሜሪካዋ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ማርስ ስትደርስ ጠፋች። አንዱ ሶፍትዌር የሞተሩን ግፊት በአሜሪካ የክብደት መለኪያ በፓውንድ አስልቶ ሲያቀብል፣ ተቀባዩ በሜትሪክ መለኪያ የተሰላ መስሎት ተጠቀመበት። በገበያ ቁናው ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ታሪክ ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያሻውም፤ ኩንታል በሁሉም ቦታ መቶ ኪሎ የሆነው ለዚህ ነው።

ይህን የቋንቋ መብዛት ለመፍታት ዓለም ሁለት መንገድ ሞክሯል። የመጀመሪያው ደረጃ ማውጣት ነው። የአውሮፓ የስፔስ ተቋማትና ኢንዱስትሪዎች በጋራ ደረጃ የሚያወጡበት ትብብር በ2008 ለፍተሻና ለሥራ ፕሮሲጀሮች የሚሆን ደረጃ አሳተመ፤ በውስጡ የተገለጸው ቋንቋ «ፕሉቶ» ይባላል። ፕሉቶ ትኩረት የሚስበው በቃላቱ ሳይሆን በአወቃቀሩ ነው። አንድ ፕሮሲጀር ከመጀመሩ በፊት መሟላት ያለበት፣ ዋናው ሥራ፣ ሥራው ሲካሄድ ጎን ለጎን አደጋን የሚጠብቅ ዘበኛ፣ በመጨረሻም ሥራው መሳካቱን የሚያረጋግጥ ክፍል ተለያይተው ይቀመጣሉ። አረፍተ ነገሮቹ ለተራ እንግሊዝኛ የቀረቡ በመሆናቸው የኮምፒዩተር ሊቅ ያልሆነ ኢንጂነርም አንብቦ ይረዳቸዋል። ሐሳቡ ሳተላይቷ በፋብሪካ የተፈተሸችበት ጽሑፍ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስ እንዲያገለግል ነው።

ሁለተኛውን መንገድ የያዘው ከላይ በዲሾቻችን በኩል ያነሣነው ኤስ ኢ ኤስ ነው። ኩባንያው ከተለያዩ አምራቾች የገዛቸውን በርካታ ሳተላይቶች በአንድነት የሚያስተዳድር በመሆኑ፣ የፕሮሲጀር ቋንቋዎች መብዛት በየዕለቱ የሚያንገላታው ነበር። አዲስ ቋንቋ ከመፍጠር ይልቅ በዓለም ላይ ተማሪው ሁሉ በሚያውቀው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ተመሥርቶ «ስፔል» የተሰኘውን ሥርዓት አሠራ። በስፔል የተጻፈ ፕሮሲጀር ከታች ያለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ቢለወጥም እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ሥርዓቱም ለሌሎች ተቋማት ክፍት ሆኗል። ከአምራቾች የሚመጡት ፕሮሲጀሮች ወደ እርሱ ይተረጎማሉ፤ የትርጉሙን ብዙ ክፍል የሚሠራው ለዚሁ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው።

ማሽን የተረጎመው ግን እንዲሁ አይታመንም። አስቸጋሪው ክፍል በሰው እጅ ይስተካከላል፤ ከዚያ ሳተላይቷን በሚያስመስል ኮምፒዩተር ላይ፣ በሚሳካበትም በሚበላሽበትም መንገድ ይሞከራል። ባትሪው የደከመ ቢሆንስ? ማሞቂያው እምቢ ቢልስ? ሁሉም ከተፈተሸ በኋላ ነው እውነተኛዋ ሳተላይት ላይ የሚውለው። ጊዜ የሚበላው ጽሑፉን መለወጡ ሳይሆን ይህ ፍተሻ ነው።

ለኢትዮጵያ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል? በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለተኛው የሚቀርብ ይመስላል። ፓይተን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ነው፤ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የሚማር ወጣት ከተመረቀ በኋላ የአንድ አምራች ብቻ የሆነን ቋንቋ ከዜሮ ሳይጀምር እንጦጦ ሊሠራ ይችላል። የፕሉቶ አወቃቀር፣ በተለይ ጎን ለጎን የሚጠብቀው ዘበኛና የመጨረሻው ማረጋገጫ፣ ግን በየትኛውም ቋንቋ ሊወረስ የሚገባው ነው።

ትእዛዞቹ ራሳቸው በአማርኛ ይሁኑ የሚል ሐሳብም ይሰማል። ስሜቱ የሚገባ ነው። ሆኖም የትእዛዝ ቃላትን ብቻ ተርጉሞ ከዓለም መለየት ለጥገናም ለትብብርም እንቅፋት ይሆናል። የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን «ይህ ለምን ይደረጋል?» የሚለውን ሠራተኛው በሚያስብበት ቋንቋ መጻፍ። ሌሊት የማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮህ ተረኛው የሚፈልገው የትእዛዙን ስም ሳይሆን ምክንያቱን ነው። የሚያውቀው ኢንጂነር ሥራ ቢለቅም ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለአርሶ አደሩ ምኑ ነው? ኢቲአርኤስኤስ 1 ታነሣው በነበረው ምስል ላይ አንዷ ነጥብ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር የሆነ መሬት ትይዝ ነበር፤ አንድ ሄክታር ማሳ ከሃምሳ በላይ ነጥቦች ይሆናል ማለት ነው። ይህ የአንዲት ሴት ጓሮ ለማየት አይበቃም፤ የአንድ ቀበሌ ማሽላ መድረቅ አለመድረቁን፣ የተራራው ጥሻ መመናመኑን ለማሳየት ግን ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ፣ ውኃው የመጣው ከከተማው ሳይሆን ከላይ ከደጋው ነበር። ሳተላይት ጎርፍ አታቆምም፤ እንዲህ ያለችው ሳተላይትም የዚያን ሌሊት ዝናብ አስቀድማ አትናገርም። የተፋሰሱ ተዳፋት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተራቆተ ግን አመሳክራ ታሳያለች። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ ምሥራቁን ሲያጥለቀልቅ እንደታየውም፣ ከዝናብ በኋላ የት አረንጓዴ እንደበቀለ ማወቅ መንጋው የት ሊራባ እንደሚችል ለመገመት ያግዛል።

ለዚህ የሚሆነው ምስል የሚገኘው ሰማዩ ጠርቶ ሳተላይቷ በላያችን በምታልፍበት ቀን ነው። በክረምት እንዲህ ያለ ቀን ይናፍቃል። ያ ቀን መጥቶ ፕሮሲጀሩ በመሐል ቢቆም፣ ደመናው ተመልሶ እስኪገለጥ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ኢቲአርኤስኤስ 1 የታቀደላት የአገልግሎት ዘመን ሁለት ዓመት ነበር፤ ተተኪ ሳተላይት የማምጠቅ ፍላጎት እንዳለም ኃላፊዎች በተለያየ ጊዜ ገልጸዋል። በሚቀጥለው ውል ላይ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ፕሮሲጀሮቹ ሠራተኞቻችን አንብበው ሊያሻሽሉት በሚችሉት ሙሉ ጽሑፍ፣ ከማሻሻል መብት ጋር ይሰጡን። የትእዛዞቹና የመረጃዎቹ ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ቁጥር በምን መለኪያ እንደሆነ ጭምር፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ቅርጽ ይቅረብ፤ «ኤክስ ቲ ሲ ኢ» የተባለው ደረጃ ለዚህ የወጣ ነው። ሳተላይቷን የሚያስመስለው የመለማመጃ ሥርዓትም አምራቹ ጋር ሳይሆን እንጦጦ ይቀመጥ። እነዚህን ከፊርማ በፊት መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም። ከተወነጨፈች በኋላ ሲጠየቁ ግን አምራቹ አዲስ ውል፣ አዲስ ዋጋ ይዞ ይመጣል።